«መዝናኛ ብቻ ነው» የሚለው ፍርድ

የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሽልማቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በሜይ 16 ቀን 1929 በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ሲሰጥ፣ የዓመቱ ቁንጮ የተባለው ፊልም አንድ ሳይሆን ሁለት ነበር። «የላቀ ፊልም» በተባለው ዘርፍ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የአየር ላይ ውጊያ የሚያሳየው «ዊንግስ» ሲሸለም፣ «ልዩና ኪነ ጥበባዊ ፊልም» በተባለው ዘርፍ ደግሞ ጀርመናዊው ሙርናው ያዘጋጀው «ሰንራይዝ» ተሸለመ። ሁለቱን ፊልሞች ዛሬ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን ድንበሩ ያን ያህል አይታየውም። በ«ዊንግስ» ውስጥ ካሜራው በአንድ የፓሪስ የጭፈራ ቤት ጠረጴዛዎች ላይ፣ በተቀመጡት ጥንዶች መሀል እየሰነጠቀ ወደፊት የሚንሸራተትበት ትዕይንት አለ፤ በዚያ ዘመን ካሜራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። «ኪነ ጥበባዊ» የተባለው «ሰንራይዝ» በበኩሉ ባልና ሚስቱ ከተማ ወጥተው በመጫወቻ ፓርክ ሲዝናኑ፣ ሲጨፍሩና ከጨዋታው ያመለጠ የአሳማ ግልገል ሲባረር በማሳየት ረጅም ጊዜ ይወስዳል። የመዝናኛው ፊልም የጥበብ ትዕይንት፣ የጥበቡ ፊልም ደግሞ የመዝናኛ ፓርክ ይዘው ተገኙ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዘርፍ በዓመቱ ተሰረዘ። ይሁን እንጂ ሐሳቡ አልሞተም። አካዳሚው በኦገስት 2018 «በሕዝብ ዘንድ ተወዳጅ ለሆነ ፊልም» የተለየ ሽልማት እንደሚጀምር አስታወቀና፣ ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ሲነሣበት ገና ወር ሳይሞላው ውሳኔውን አዘገየው፤ ዘርፉም ከዚያ ወዲህ አልታየም። በ1929 ጥበብ ተብሎ ለብቻ የተቀመጠውን፣ በ2018 ሕዝብ ወደደው ተብሎ ለብቻ ሊቀመጥ የነበረው ተካው። በትልቅ በጀት ተሠርተው በዓለም ዙሪያ በአንድ ጊዜ የሚለቀቁትን፣ በልማድ ብሎክባስተር የምንላቸውን ፊልሞች በምን ሚዛን እንመዝን የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ የቀጠለውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው።

ጥያቄው ብዙውን ጊዜ «መዝናኛ ናቸው ወይስ ኪነ ጥበብ?» ተብሎ ይቀርባል። በእኔ እምነት ይህ አቀራረብ ራሱ የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም በመዝናኛና በጥበብ መካከል ያለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ የተሰመረው በፊልሙ ውስጥ በሚታየው ነገር ሳይሆን፣ ፊልሙን በሚቆጣጠረው፣ በሚሸጠው ወይም በሚሸልመው አካል ፍላጎት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የሚገኘው ከፍርድ ቤት መዝገብ ነው። በ1915 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦሃዮ ግዛት ፊልሞችን አስቀድማ የመመርመር መብት አላት ወይስ የላትም የሚለውን ጉዳይ ሲያይ፣ ፊልም ማሳየት ለትርፍ የሚካሄድ ንግድ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ፣ ስለዚህም በመናገርና በመጻፍ ነጻነት ሥር እንደማይጠለል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ዳኞቹ ፊልምን ከቲያትርና ከሰርከስ ጋር በትርኢትነት መድበውት ነበር። ያ ውሳኔ እስኪሻር 37 ዓመት ፈጀ። በ1952 ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ሮሴሊኒ የሠራው አጭር ፊልም ኒው ዮርክ ውስጥ «ሃይማኖትን ያረክሳል» ተብሎ ፈቃዱ በመነጠቁ የተነሣው ክርክር ወደዚያው ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ዳኞቹ ፊልም ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ለማዝናናትም መሠራቱ በሕዝብ አስተሳሰብ ላይ ያለውን ቦታ እንደማይቀንስበት ተናገሩ። እንግዲህ «መዝናኛ ብቻ ነው» የሚለው ሐረግ በመጀመሪያ ያገለገለው ለሳንሱር መቀስ ነበር። ዛሬ ይኸው ሐረግ ተገልብጦ ፊልሙን ከትችት ለማዳን ያገለግላል፤ አንድ ሰው የታሪኩን መላላት ወይም የገጸ ባሕርያቱን መመሳሰል ሲያነሣ «አታካብድ፣ ለመዝናናት የተሠራ ነው» ይባላል። አፍ ማስያዙ ግን ያው ነው።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ የተሻለ ነገር ይዟል ብዬ አስባለሁ። «ኪን» በግእዝ ብልሃትን፣ የሙያን ረቂቅነት የሚያመለክት ቃል ነው፤ «ኪነ ጥበብ» ስንልም ከከፍታ የወረደ ምስጢር ሳይሆን እጅ የተካነበት ሥራ ማለታችን ነው። ሸማኔው በቀሚስ ላይ የሚያወጣውን ባለ ቀለም ጥለትም «ጥበብ» እንለዋለን። ጥበብ ቀሚስ ለብሳ ለበዓል የወጣችን ሴት «ይህ ለመዋቢያ ነው ወይስ ለጥበብ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ የሚያውቅ ዓይን ግን ድሩ የት እንደላላ፣ ቀለሙ የት እንደተዛነፈ ከሩቅ ይለያል። ብሎክባስተርንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል።

የብሎክባስተር ዘመን መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው «ጆስ» ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ ይህን ፊልም በ1974 በማርታስ ቪንያርድ ደሴት አቅራቢያ በባሕር ላይ ሲቀርጽ፣ ለፊልሙ የተሠራው መካኒካል ሻርክ ጨዋማው ውኃ ውስጥ ሲገባ በየጊዜው ይበላሽ ነበር። በ55 ቀን ያልቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ። አውሬው አልሠራ ሲል ዳይሬክተሩ ያለ አውሬው ማስፈራራት ነበረበት። ካሜራው ከውኃው ወለል ጋር እኩል ሆኖ የሚዋኙትን እግሮች ከሥር ያያል፤ በሻርኩ አካል ላይ የተሰኩት ቢጫ በርሜሎች ብቻቸውን ባሕሩን እየሰነጠቁ ሲመጡ እናያለን፤ የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ በሁለት ድምፆች ብቻ እየተመላለሰ የማይታየውን ነገር መቃረብ ያሳውቃል። ኤዲተሯ ቨርና ፊልድስ የትኛውን ሥዕል የት ላይ እንደምትቆርጥ በመወሰኗ፣ ተመልካቹ ከአንድ ሰዓት በላይ በሙሉ አካሉ ያላየውን ፍጥረት አየሁት ብሎ ይምላል። ፊልሙ በኤዲቲንግ፣ በሙዚቃና በድምፅ ሦስት ኦስካር ወሰደ፤ ለምርጥ ፊልምም ታጨ። ይህ ፊልም መዝናኛ አይደለም የሚል ማንም የለም። ግን ያዝናናን በምኑ ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚገኘው በሙያው ውስጥ ነው። ፍርሃቱ የሙያ ውጤት ነው፤ ደስታችንም እንደዚሁ። ሁለቱን ነጣጥሎ መመዘን አይቻልም።

በጁን 20 ቀን 1975 ፊልሙ በመላ አገሪቱ በቴሌቪዥን በስፋት ማስታወቂያ ተሠርቶለት በ409 ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቀን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ትልልቅ ፊልሞች በጥቂት ከተሞች ተጀምረው ወሬያቸው ሲሰማ ነበር ቀስ በቀስ የሚሰፉት። የፊልም ኩባንያዎቹ ከ«ጆስ» የቀሰሙት ትምህርት የሲኒማ ቤቶቹን ብዛትና የማስታወቂያውን ስፋት ሆኖ ቀረ፤ የቢጫዎቹ በርሜሎች ብልሃት ያን ያህል አልተወረሰም።

በዚህ ዘመን የተሠራ፣ ትምህርቱን በትክክል የወረሰ ፊልም ጥራ ከተባልሁ የ2015ቱን «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» እጠራለሁ። ጆርጅ ሚለር ከተለመደው የፊልም ጽሑፍ ይልቅ 3,500 ገደማ ሥዕሎችን አስሎ፣ በናሚቢያ በረሃ በእውነተኛ መኪኖች ቀረጸው። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክሰል ከ400 ሰዓት በላይ የሆነን ቀረጻ ወደ ሁለት ሰዓት አወረደችው። የሥዕሎቹ አቆራረጥ እጅግ ፈጣን ሆኖ ሳለ ዓይናችን የማይደናገረው፣ የካሜራ ባለሙያው ጆን ሲል በየሥዕሉ ዋናውን ነገር መሀል ላይ ስላስቀመጠው ነው፤ አንዱ ሥዕል ሲቆረጥ ዓይን ያረፈበት ቦታ ላይ የሚቀጥለው ይጠብቀዋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማሳደድ ብቻ ነው ሊባል የሚችል ፊልም ስድስት ኦስካር አገኘ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው የአሠራር ልማድ አርጀንቲናዊቷ ዳይሬክተር ሉክሬሲያ ማርቴል በተናገረችው ውስጥ ይታያል። የልዕለ ጀግና ፊልሞችን ለሚሠራው ለማርቭል ኩባንያ አንድ ፊልም በዕጩነት ተጠርታ ስትነጋገር፣ ስለ ፍልሚያ ትዕይንቶቹ እንዳትጨነቅ፣ እነርሱን ሌሎች እንደሚይዟቸው እንደተነገራት ገልጻለች። በነገሩ ያስገረማት አባባል ለእኔ ከብዙ የሂስ ጽሑፍ ይልቅ ያስረዳል። ፍልሚያው በፊልሙ ልብ ላይ የተቀመጠ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ዳይሬክተር ካልነካው የማን ነው? በኮሚቴ የታቀደ፣ ቀረጻው ሳይጀመር በኮምፒውተር የተነደፈ፣ በየአህጉሩ በተበተኑ የምስል ቅንብር ባለሙያዎች የሚጠናቀቅ ትዕይንት ብዙ እጅ ያለፈበት ነው፤ የሚወስን ዓይን ግን ሊጎድለው ይችላል። ባለሙያዎቹን መውቀሴ አይደለም። የማርቭል የምስል ቅንብር ሠራተኞች በ2023 በሙሉ ድምፅ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የወሰኑት በሥራው ጫና መማረራቸውን ለማሳየት ነበር። ድሩ የላላው ሸማኔው ሰንፎ አይደለም፤ ጥለቱን የሚያስብለት አንድ ሰው ጠፍቶ ነው።

ይህን ስል ከዚያ ኩባንያ የወጣው ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ራያን ኩግለር ያዘጋጀው «ብላክ ፓንተር» በ2019 ለምርጥ ፊልም ኦስካር የታጨ የመጀመሪያው የልዕለ ጀግና ፊልም ሲሆን፣ በልብስ ንድፍ ሩት ካርተርን፣ በመቼት ንድፍ ሃና ቢችለርን አሸልሟል። በጥንቃቄ ከተሠሩት ልብሶች መካከል አንዱ ለእኛ ቅርብ ነው። በፊልሙ የወንዝ ነገድ ሽማግሌ ሆኖ የሚታየው ሰው ከአረንጓዴ ሙሉ ልብስ ጋር በታችኛው ከንፈሩ ላይ ክብ ሸክላ ሰክቷል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሙርሲና በሱርማ ዘንድ ግን የከንፈር ሸክላ የሴቶች ጌጥ ነው። ይህን የሚያነሣ ተመልካች «አታካብድ» ሊባል ነው? ፊልሙ የተወደሰው አፍሪካዊ አለባበስን በማጥናቱ ከሆነ፣ ጥናቱ እስከ የት እንደሄደ መጠየቅ ምቀኝነት ሊሆን አይችልም። ንድፍ አውጪዎቹ አውቀው ለምናባዊ አገር ቀይረውት ይሆናል፤ ያም ቢሆን የሚያከራክር የጥበብ ምርጫ ነው። «መዝናኛ ብቻ» የሚለው መጋረጃ ከተዘረጋ ግን ሙገሳውም ወቀሳውም እኩል ባዶ ይሆናል።

ወደ ክርክሩ ዋና ሰው ልምጣ። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ በኦክቶበር 2019 ስለ ማርቭል ፊልሞች ሲጠየቅ ሲኒማ እንዳልሆኑ፣ ይልቁንም የመጫወቻ ፓርክ እንደሚመስሉት ተናገረ። ንግግሩ በየአገሩ ወጀብ አስነሣ። በሚቀጥለው ወር በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የጻፈው ማብራሪያ ግን ከንግግሩ ይልቅ የበሰለ ነበር፤ አብዛኛው ተከራካሪ ያነበበው አይመስለኝም። እዚያ ላይ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ያጣው ነገር ያልተጠበቀ ግኝት፣ ምስጢርና እውነተኛ የስሜት አደጋ መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ የዳይሬክተር ሂችኮክ አንዳንድ ፊልሞችም በዘመናቸው የመጫወቻ ፓርክ ዓይነት ነገር እንደነበሩ ራሱ አምኗል። በእርግጥም የሂችኮክ «ቨርቲጎ» በ1958 ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለ አቀባበል ነበር ያገኘው፤ በ2012 የእንግሊዙ ሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት ሃያስያንን ሲጠይቅ የዘመናት ሁሉ ምርጥ ፊልም ተባለ። ለዚህ ደረጃ 54 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። «ጊዜ ይፈርዳል» ብሎ መተው እንግዲህ የሚያዋጣ መንገድ አይደለም፤ ጊዜ የፈረደው ተቀምጠው የተመለከቱና የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

የስኮርሴዚ ጽሑፍ ከባዱ ክፍል ግን ስለ ትርጉም የሚናገረው አይደለም፤ ስለ ስክሪን የሚናገረው ነው። «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» በኤፕሪል 2019 በሰሜን አሜሪካ ብቻ በ4,662 ሲኒማ ቤቶች ተለቀቀ። ከ«ጆስ» አሥር እጥፍ በላይ ነው። አንድ ፊልም ይህን ያህል ቦታ ሲይዝ ሌላው ቦታ ያጣል፤ ቦታ ያጣው ፊልም ደግሞ ጥቂት ሰው አየው ይባልና «ለጥቂቶች የሚሆን ጥበብ» የሚል ስም ይሰጠዋል። ስኮርሴዚ ራሱ የዚያን ዓመት ፊልሙን ኔትፍሊክስ ገንዘብ ከፍሎለት፣ በሲኒማ ቤት ለአጭር ጊዜ ብቻ ታይቶለት ነበር፤ እርሱም ይህን አልሸሸገም።

ስም አወጣጡ በገበያ በር ላይ እንደሚጀምር ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የጎንደሩ ተወላጅ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ ታሪክ ነው። በ1993 ያወጡት «ሳንኮፋ» በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ሳለ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱትም። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና በዋሽንግተን ዲሲ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ጀመሩ፤ ከዚያም ከተማ በከተማ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰቦች መካከል እየዞሩ ራሳቸው አሳዩት። ሕዝቡ ተሰልፎ አየው። አከፋፋዮቹ ገበያ የለውም ያሉት ፊልም ተመልካቹን ያገኘው በር ሲከፈትለት ነው። በ2021 ደግሞ ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት የአካዳሚው ሙዚየም ኃይሌን በሽልማት አከበራቸው። «ሳንኮፋ» በ28 ዓመት ውስጥ ራሱ አልተለወጠም። የተለወጠው የበረኛው አስተያየት ነው።

በተመልካች በኩልም ሚዛኑን የሚያዛባ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ፊልም ከማየታችን በፊት የምንከፍተው፣ የሃያስያንን አስተያየት የሚሰበስበው ሮተን ቶማቶስ የተባለ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው መቶኛ ሃያስያኑ ለፊልሙ የሰጡት ነጥብ ይመስለናል። አይደለም፤ ስንቶቹ በጥቅሉ ወደዱት የሚለውን ቆጠራ ነው። ሁሉም «ደህና ነው፣ አይከፋም» ያሉት ፊልም መቶ ከመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ግማሾቹ ያመለኩትና ግማሾቹ የጠሉት ደግሞ 50 ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው መለኪያ ማንንም የማያስቀይም ፊልም ለሚሠራ ኩባንያ ይመቻል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሦስተኛ ሚዛን ጨምረናል፤ ፊልም «አስተማሪና አዝናኝ» ካልተባለ የተሟላ አይመስለንም። «አስተማሪ» የሚለው ቃልም እንደ «መዝናኛ ብቻ» ሁሉ ይቅርታ ማስገኛ ሲሆን አያለሁ። በመጨረሻው ትዕይንት አባት ልጁን መክሮ ከሸኘ፣ ከዚያ በፊት ያለው ሁለት ሰዓት ቢንዘላዘልም ፊልሙ ይቅርታ ያገኛል።

ከትልልቆቹ ፊልሞች የሚጠየቀው እንግዲህ ሌላ ነው። ፍልሚያው ውስጥ ማን የት እንዳለ አውቃለሁ ወይ? የዋናው ገጸ ባሕርይ ሞት በሚቀጥለው ክፍል እንደሚሻር እያወቅሁ ልቤ የሚመታበት ምክንያት አለ ወይ? ቀልዱ ከሰውየው ጠባይ የወጣ ነው ወይስ ማንኛውም ሰው ሊናገረው የሚችል ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ፊልሙን ከመዝናኛነት አያወጡትም፤ እንዲያውም በመዝናኛነቱ ይይዙታል። አስፈራለሁ ብሎ ያላስፈራ፣ አስቃለሁ ብሎ ያላሳቀ ፊልም ቃሉን አልጠበቀም። ሦስት ሰዓት ከተመልካቹ ዕድሜ የወሰደ ሥራ በቀላል ሚዛን ይመዘንልኝ ሲል ግር ይለኛል።

አካዳሚው በኤፕሪል 2025 አንድ ሌላ ዘርፍ አስታውቋል። ይህኛው «ለተወዳጅ ፊልም» የሚል አይደለም፤ መውደቁን፣ መጋጨቱን፣ መዝለሉንና መቃጠሉን የሚነድፉ የስታንት ባለሙያዎችን የሚሸልም ነው። በ2027 ለሚወጡ ፊልሞች ታስቦ፣ በ2028 በሚካሄደው መቶኛው ሥነ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰጣል። «ዊንግስ» ሲቀረጽ ካሜራዎች በአውሮፕላኖቹ ላይ ተገጥመው ተዋናዮቹ አየር ላይ ሆነው ይቀረጹ ነበር፤ ዲክ ግሬስ የተባለው አብራሪ ደግሞ ሆን ብሎ አውሮፕላን እየከሰከሰ ሲሠራ በአንደኛው ላይ አንገቱ ተሰበረ። በ1929 በሩዝቬልት ሆቴል ፊልሙ ለምህንድስና ቅንብሩ ተጨማሪ ሽልማት ሲያገኝ፣ ለእርሱ ሥራ የተዘጋጀ ዘርፍ አልነበረም።